እትዬን ማን መረዛት?

አርብ ጠዋት ወደ ፖሊስ ጣቢያው የደወለው ሰው የተናገረው ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ «እትዬ ተመርዛለች፣ ድረሱልን።»

ኢንስፔክተሯ ቁርሷን ትታ ተነሳች። ቁርስ ትቶ መነሳት ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። ሳጅኑ አምቡላንስ ጠርቶ፣ የመኪናውን ጡሩምባ እያስጮኸ፣ አቋራጭ እየፈለገ አደረሳት። ግቢው ውስጥ ሲገቡ ግን የተጋደመች ሴት የለችም። ቀለሟ የወየበ አሮጌ ሚኒባስ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች፤ ቤተሰቡ እጁን አጣምሮ ከቧታል።

«ታማሚዋ የታለች?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይቺው ናት» አለ የቤቱ ታላቅ ልጅ፤ ሹፌሩ። «ከሁላችንም በፊት የነበረች ስለሆነች እትዬ ነው የምንላት። አባታችን ያሳደገን በእሷ ነው።»

አምቡላንሱ እያጉረመረመ ተመለሰ። ኢንስፔክተሯም የቀዘቀዘ ቁርሷን እያሰበች ልትቆጣ አፏን ስትከፍት፣ በግማሽ የተሰፋ የሙሽራ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አየች። ቀሚሱ ላይ ገና ስፒሎቹ አልተነቀሉም። ንዴቷ ወዲያው በረደላት።

«ንገሩኝ» አለች።

ታላቅየው ነገራት። ጠዋት መንገደኛ ጭኖ ሲወጣ፣ ከኋላው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። የዘይት መብራት በራ። ወዲያው ሞተሩን አጠፋ፤ ተሳፋሪው ግን በሩ አልበቃው ብሎ በመስኮትም ወረደ። ከስር ዘይት ይንጠባጠባል። አስጎትቶ ወደ ቤት መለሳት። የግቢው ለጥ ያለ ቦታ በሰርግ ድንኳን ስለተያዘ፣ ሚኒባሷ ሰሞኑን የምታድረው ወደ በሩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጎማዋን በድንጋይ ተደግፋ ነው። አሁንም እዚያው ቆማለች።

«ይኸው ይመልከቱ» ብሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ጫፉ ላይ ጥቂት ዘይት ተይዟል፤ ከታችኛው ምልክት እንኳ አልደረሰም። «አልቋል። አፍስሶታል።»

«ማን?»

«የእህቴ እጮኛ። መካኒኩ። ሞተሩን አጥቦ ያንን ሲንተቲክ የሚሉትን ዘይት የሞላበት እሱ ነው። አምስት ደብልዩ አርባ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ታርጋ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ‹አንተም ዘይትህም ዋጋችሁ ከጥቅማችሁ ይበልጣል› ብዬው ነበር። ቂም ያዘብኝ።»

«ይህን ያህል?»

«ይህን ያህል። እሁድ ሰርጋቸው ነበር። የአባቴን መኪና የመረዘ ሰው እህቴን አያገባም። እሁድ ያ ድንኳን ይፈርሳል።»

ልጅቷ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓሮ ዞሩ።

«ይቺን መለኪያ ማን ማን ይነካታል?» ኢንስፔክተሯ ጠየቀች።

«ሁላችንም። ‹ሳይለኩ አይነዱም› ይል ነበር አባታችን። እሱ ካረፈ በኋላ እማዬ ጠዋት ጠዋት ራሷ መዝዛ ታያለች፣ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ትመልሳለች። እንደ ሰላምታ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ካርቶን አንጥፋ ሚኒባሷ ስር ገባች። የዘይቱ ማፍሰሻ ቡሎን በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል፤ ዙሪያው ደረቅ ነው። ዘይቱ የወረደው ከላይ፣ ዘይት እንዳይወጣ ከሚያግዱት የሞተሩ ጎሚኒዎች አካባቢ ነው። ተነስታ ልብሷን አራገፈች።

«ጉዳዩ አልቋል» አለ ሳጅኑ። ለሳጅኑ ጉዳይ ሁሉ ገና ሲጀመር ያለቀ ነው።

መካኒኩን ጋራዡ ውስጥ ከአንድ የጭነት መኪና ስር ጎትተው አወጡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ እስከ ቅንድቡ ግራሶ የነካው ወጣት ነው። ወሬው ቀድሞት ስለነበር አልደነገጠም።

«ለምን ሲንተቲክ መረጥክላት?» አለችው። «ቤቱ በሙሉ የጠላው ዘይት ነው።»

ስለ ዘይት ሲጠየቅ ፊቱ በራ። «ሞተር የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ጠዋት ነው፤ ቀዝቅዞ ሲነሳ። የድሮው ወፍራም ዘይት እየተንፏቀቀ እስኪደርስ ድረስ ብረት ብረትን ይበላል። ይሄኛው ቶሎ ይደርሳል፤ ቀትር ላይ ሙቀት ሲበረታም ውሃ አይሆንም። የመጀመሪያው ቁጥር ብርዱን፣ ሁለተኛው ሙቀቱን ነው የሚናገረው። እኔ ደግሞ በወሬ አልመረጥኩም፤ ከሞተሩ መጽሐፍ አይቼ ነው። አሮጌ ስለሆነች አስቀድሜ ያረጁትን ጎሚኒዎች ቀየርኩላት። ዘይቱ ቶሎ ሲጠቁር ‹ተበላሸ› ብለው ጮኹብኝ። ቆሻሻውን እያጠበ ነው እኮ የሚጠቁረው።»

«ማፍሰሻውን ቡሎን አጥብቀህ ነበር?»

ብርሃኑ ከፊቱ ጠፋ። እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። «ምናልባት... ረስቼ ይሆናል። የኔ ጥፋት ነው በሉት።»

«እንግዲህ አመነ» አለ ሳጅኑ፣ ካቴናውን እያወጣ።

ኢንስፔክተሯ ጋራዡን ዞር ዞር ብላ አየች። የተሠራው ሞተር ሁሉ፣ የጠበቀው ቡሎን ሁሉ፣ ላዩ ላይ ቢጫ መስመር አለው። ካጠበቀ በኋላ ቀለም የሚቀባ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የራሱን ስም ቢረሳ እንኳ ቡሎን አይረሳም።

«ካቴናህን መልሳት» አለችው ሳጅኑን። ውጭ ሲወጡም፣ «ሰው ያልሠራውን የሚያምነው ወይ ሲደበደብ ነው፣ ወይ ሲወድ ነው። ይሄን ልጅ የደበደበው የለም» አለች።

ሳጅኑ ግን ወንጀለኛ ሳይኖረው መዋል አይወድም። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ይዞ መጣ፤ የጥቁሩን ሚኒባስ ሹፌር። ይህ ሰው በታክሲ ተራው ከታላቅየው ጋር በወረፋ ሲጣላ የኖረ ነው፤ ረቡዕ ለታም ሰው ሳያየው የእትዬን ኮፈን ከፍቶ አንገቱን ሲያስገባ ታይቷል። አንድ ጉንጩ አብጧል።

«ገብተሃል ወይስ አልገባህም?»

«ገብቻለሁ» አለ ባበጠ አፉ። «ድምጿ ጠፋብኝ እኮ። ድሮ ስትነሳ ከሦስት ሰፈር ትሰማ ነበር፤ ሁለት ሰው ካልገፋትም አትነሳም። አሁን እንደ ድመት ከኋላዬ እየመጣች ወረፋዬን ትወስዳለች። ምን አጠጥተዋት ነው ብዬ ልመለከት ገባሁ። አየሁ፣ አልገባኝም፣ ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጥርሴ ተነሳብኝ። አስነቅዬ እስከ ዛሬ ጠዋት አማቴ ቤት ተኝቼ ነበር።»

«ምስክር አለህ?»

«አማቴ። ለኔ ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም።»

ሳጅኑ ሄዶ አማቲቱን ጠየቀ። እሷም ሰውየው ተኝቶ መዋሉን፣ መብላቱን፣ አሁንም መብላቱን፣ አንድ ሰሃን እንኳ አለማጠቡን በዝርዝር መሰከረች። ሳጅኑ ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሄድነው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሱ። መካከለኛው ወንድም ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከግቢው በር ጋር የተያያዘ ነው። የእህቱን ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ስፒል በከንፈሩ ይዞ፣ መስፋቱን ይቀጥል ይተወው ሳያውቅ ቆሟል።

«እኔ ስለ መኪና ዘይት ምን አውቃለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «የኔ እውቀት ለስፌት መኪናዬ ጠብ የማደርጋት ነች። ማክሰኞ ሱቄ ነበርኩ፣ ረቡዕ ሱቄ ነበርኩ፣ ሐሙስም ሱቄ ነበርኩ። በዚያ አምስት ደብልዩ አርባ ውስጥ የኔ እጅ የለበትም።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወጣች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል እንዲህ ነው፤ ስለ ሦስት ቀን ማን ጠየቀው?

ሙሽሪት ድንኳኑ ውስጥ፣ በተደረደሩት ባዶ ወንበሮች መሃል ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። «እሱ አላደረገውም» አለች ብቻ። «ከታሰረ እኔንም እሰሩኝ።»

እናትየዋ ኢንስፔክተሯን ጥላ ስር አስቀመጧትና ውሃ በብርጭቆ አቀረቡላት። ምሳ መብላቷንም ጠየቋት። አለመብላቷን ሲሰሙ ወንጀሉን ሁሉ ረስተው ተቆጧት፤ ዳቦ በሳህን አመጡላት። ኢንስፔክተሯ በልቧ ወደደቻቸው።

«እናቴ፣ እርስዎስ ስለዚህ ዘይት የሚያውቁት አለ?»

«እኔ ልጄ? ለእኔ ዘይት ዘይት ነው። ከምግብ ዘይት በቀር ገዝቼም አላውቅ።» ምክር ሳይሰጡ መቆየት ግን አልሆነላቸውም። «መኪና ካለሽ ግን ተጠንቀቂ። ሻጮቹ ‹ይሄም ያው ነው፣ ይሄ ይወፍራል› እያሉ ሌላ ሊሰጡሽ ይሞክራሉ። አምስት ደብልዩ አርባ፣ ሲንተቲክ ብለሽ ድርቅ ካላልሽ ያታልሉሻል።» ይህን ብለው አፋቸውን ያዙ።

ኢንስፔክተሯ ዳቦዋን ማኘክ አቆመች። ታላቅየው የሚጠላውን ዘይት ቁጥር ሳይደናቀፍ ጠራው። ልብስ ሰፊውም ጠራው። እኒህ እናት ደግሞ የገዛ ስልካቸውን ቁጥር የሚያውቁ አይመስሉም፤ ይሄን ግን እንደ ልጅ ስም ጠሩት።

እያሰበች ተነስታ ወደ ሚኒባሷ ሄደች። ብርጭቆዋን የተሳፋሪ መውጫው እርከን ላይ አስቀመጠችና ወደ ሞተሩ ልታይ ስትዞር ዓይኗ ውሃው ላይ ቀረ። ውሃው በብርጭቆው አንድ ጎን ጠርዙን ሊነካ ደርሷል፤ በሌላው ጎን ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። ብርጭቆውን አየች። ቁልቁለቱን አየች። ድንኳኑን አየች። ከዚያ ሳቅ ጀመራት፤ ለማቆም ብትሞክርም ባሰባት።

«ምን ሆኑ ኢንስፔክተር?» ሳጅኑ ደነገጠ።

«ጎታች መኪና ጥራ። እትዬን ወደ ጣቢያ እንወስዳታለን። ቤተሰቡም ይምጣ፣ መካኒኩም ይምጣ።»

«መኪናዋ ታሰረች ማለት ነው?»

«ለጥያቄ ትፈለጋለች» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች።

የጣቢያው ግቢ ሲሚንቶ ነው፤ ኳስ ብታስቀምጥበት ካስቀመጥክበት አይነቃነቅም። እትዬ መሃሉ ላይ ቆመች። እናትየዋ ወንበር ተሰጣቸው። ታላቅየው ከመካኒኩ ርቆ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። ሙሽሪት በሁለቱ መሃል ናት። ሥራ የሌለው ፖሊስ ሁሉ በመስኮት ብቅ ብቅ ብሏል።

«መለኪያውን ምዘዝ» አለችው መካኒኩን።

መዘዘው፤ ጠርጎ መለሰውና እንደገና መዘዘው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ወደ መያዣው ወጥቷል። ታላቅየው ተንደርድሮ መጣ።

«እናንተ ናችሁ የሞላችሁበት» አለ።

«እዚህ ጠብታ የነካት የለም። ዘይቱ ከጠዋት ጀምሮ ውስጧ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ድንኳኑ ሲተከል መኪናዋ ወደ ቁልቁለቱ ሄደች። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መለኪያው ያለው በሌላው ጎን ነው። ስታዩት ጎደለ። እውነቱ ግን ልክ ነበር። ከዚያ ሰው ጨመረበት፤ የተጨመረውም ወደዚያው ጎን ሸሸ። ልጄ፣ ዘይት ሲበዛ ምን ይሆናል?»

መካኒኩ ወደ መሬት እያየ መለሰ። «የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱ ውስጥ ይገባና እንደ እንቁላል ይመታዋል። አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ብረት አይሸከምም። መውጫ ሲያጣ በጎሚኒው ይገፋል፣ ወደ እሳቱም ይገባል። ጭሱ እሱ ነው።»

«አንተ ይሄን ጠዋት ስለ ጭሱ ስትሰማ አውቀሃል።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ። «ወንጀለኛ ዘይት ይሰርቃል፣ ያፈሳል። ከኪሱ ገዝቶ፣ ትክክለኛውን ቁጥር መርጦ የሚጨምር ወንጀለኛ እኔ አላየሁም። ማን ነው የጨመረው?»

መጀመሪያ እጃቸውን ያነሱት እናትየዋ ናቸው፤ እንደ ተማሪ።

«ጠዋት ሳያት ደርቃለች» አሉ። «ልጆቼ ካዩ ‹ይኸው የአማችሽ ዘይት ተነነ› ይሉታል። ሰርጉ እስኪያልፍ ብዬ አንድ ሊትር ገዛሁና ጨመርኩላት። በነጠላዬ ስር ደብቄ ነው ያመጣሁት።»

«እማዬ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ዓይኑ ፈጦ። «አንቺም?»

«አንተም?»

«እኔማ ማክሰኞ... ያው... ሱቄ ነበርኩ ያልኩት ጊዜ ነው። የሙሽራው ስም እንዳይጠፋ ብዬ ነው። አንድ ሊትር ብቻ።»

ሙሽሪት ቦርሳዋን ከፈተች። አንድ ባዶ የዘይት ጠርሙስ አውጥታ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠች፤ መሳቅም ማልቀስም አማራት። መካኒኩ እሷን እያየ፣ «ትናንት ቦርሳሽ ውስጥ አይቻት ነበር» አለ። «አንቺ ብቻ መሰልሽኝ።»

«ለዚህ ነው ጥፋተኛ ነኝ ያልከው?»

«እኔን ቢሰድቡኝ ለምጄዋለሁ።»

እናትየዋ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። በመስኮት የነበረ አንድ ፖሊስ አጨበጨበና አለቃው ቆንጥጦት ዝም አለ።

መካኒኩ እጅጌውን ሰብስቦ ስር ገባ። ትርፉን ዘይት ቀስ እያለ ወደ ባልዲ አወረደ፣ በመሃል እየለካ፣ እንደገና እያወረደ፣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሃል እስኪቆም። ያበጠውን ጎሚኒ ከጋራዡ ባመጣው ቀየረው። ቢጫ መስመሩን አሰመረ። ከዚያ ቁልፉን ለማዞር ማንም አልደፈረም፤ ሞተሩ ተጎድቶ ቢሆንስ? እናትየዋ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነበር።

«ጭሱን እንዳየ ወዲያው አጥፍቷታል» አለ መካኒኩ፣ ታላቅየውን ሳያይ። «ትንሽ ቢነዳት ኖሮ አልቆላት ነበር። ያዳናት እሱ ነው።»

ሙሽሪት ገብታ ቁልፉን አዞረችው። እትዬ ትንሽ አሳላት፤ ጥቂት የቀረ ጭስ ተፋች። ከዚያ ድምጿ ለሰለሰ፤ ጭሱም እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ልብስ ሰፊው እናቱን አቅፎ አነሳቸው። ሳጅኑ ማንም ሳይጠይቀው ‹ከመጀመሪያውም ገብቶኝ ነበር› እያለ ይዞር ጀመር።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ታላቅየው እጆቹን ኪሱ ከቶ፣ መሬቱን በጫማው እየቧጠጠ ቆሟል። ኢንስፔክተሯ አየችው፤ አልጠየቀችውም። ጠዋት ከሹፌሩ ወንበር ስር ያገኘችው በጋዜጣ የተጠቀለለ ባዶ ጠርሙስ ቢሮዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እዚያው ተወችው። ሰው ራሱ የሚያወጣውን ቀድሞ ማውጣት ደግ አይደለም ብላ ታምናለች።

ሞተሩን አጠፉት።

«እኔም ጨምሬያለሁ» አለ ታላቅየው።

ሁሉም ዞረ።

«ያ ዘይት ከገባ ወዲህ ጠዋት በአንዴ ነው የምትነሳልኝ። አባቴ በሕይወት ሳለም እንዲህ ተነስታ አታውቅም። ይሄን ለሰው መናገር ግን አቃተኝ፤ በሰው ፊት ሰድቤው ነበራ። መለኪያውን ሳይ ጎደለ። ላፌዝበት አሰብኩ። ከዚያ ‹ሰርጉ ነው፣ ስሙ አይጥፋ› አልኩና ጨመርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ጨምሬም ዛሬ ባዶ ሆና ሳያት፣ ያፈሰሳት እሱ ነው ብዬ አበድኩ።» ወደ መካኒኩ ዞረ። ቃላት ፈለገ። «ይቅርታ ማለት... ሲተናነቀኝ የኖረ ነገር ነው ለእኔ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረበው። «ጋሼ፣ ስንት ቁጥር ነው የጨመሩት?»

«አምስት ደብልዩ አርባ።»

«ሲንተቲክ?»

«ሌላማ ምን እገዛለሁ።»

«እንግዲያው አልመረዟትም» አለ መካኒኩ። «ወደዷት፤ አበዙት እንጂ።»

ታላቅየው አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እናቱ አለቀሰ ብለው ሊነሱ ሲሉ፣ እየሳቀ ነበር። የመካኒኩን ግራሶ የነካ አንገት በክንዱ ጠምጥሞ ሳበው፣ የራሱ ሸሚዝ እስኪጠቁር ድረስ አልለቀቀውም።

«እሁድ የምነዳው እኔ ነኝ» አለው። «አንተ ከእህቴ ጎን ትቀመጣለህ። ምን ድምፅ ብትሰማ፣ ምን ጭስ ብታይ፣ ከወንበርህ እንዳትነሳ። እሁድ ሙሽራ ነህ።»

«ድምፅ ብሰማ እንኳ?»

«ብትሰማ እንኳ። ወንድም አለህ፤ እሱ ወርዶ ያያል።»